ተላሰ፣ አለቀ

የእህል ነጋዴው አቶ ገብረ መድህን ሞተው የተገኙት በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. ጥቅምት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አሰላ ከሚገኘው መጋዘናቸው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መቶ አለቃ አስናቀ ሲደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። ትውከቱ ከአልጋው ጠርዝ እስከ በሩ ድረስ ወርዷል፤ ዝንቡ በሟቹ ከንፈርና በበርጩማው ላይ በተቀመጠው የወተት ብርጭቆ መካከል ይመላለሳል።

አስናቀ ሆዱ ቶሎ የሚገለበጥ ሰው ነው። በአሥራ ሁለት የፖሊስነት ዓመቱ ደም ለምዷል፤ የሰው ምራቅና ትውከት ግን አልለመደውም። አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ብርጭቆው ላይ ጎንበስ አለ። ከተረፈው ወተት ሥር ግራጫ ዱቄት ዘቅጧል።

«ይህን ወተት ማን አመጣው?»

«ማን ያመጣዋል! ያቺ ዘሀራ ናት እንጂ» አለ ፍሰሐ። የሟቹ ሚስት ወንድም ነው፤ መጋዘኑን እየጠበቀ ከልጁ ጋር እዚያው ግቢ ይኖራል። «ሐኪም ለጨጓራቸው ወተት ካዘዘላቸው ወዲህ ጠዋት ጠዋት እሷ ናት የምታመጣው። ማክሰኞ ደግሞ የገዛ ልጇ ስታስመልስ ዋለች አሉ። መርዝ ያለው እሷ ቤት ነው፤ መቶ አለቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

«እናንተ ቤትስ መርዝ የለም?»

«ልጄን ይንሳኝ! ለአይጥ እንኳ ገዝተን አናውቅም። ድመት አለችን።»

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ተሻለች ከበሩ አጠገብ ተኮራምታ ተቀምጣለች። ዓይኗ ግን ደረቅ ነው።

«ተጣልታችሁ ነበር?» አላት አስናቀ።

«የፊታችን ቅዳሜ ሽማግሌ ሰብስቦ ሊናዘዝ ነበር። ቤቱንም መጋዘኑንም ሳጉሬ ከተማ ከሌላ ሴት ለወለደው ልጁ። ታዲያ ልስመው ኖሯል? ስረግመው ነው የከረምኩ።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ወንድሜ። ለማን ልንገር ሌላ?»

ዘሀራ ጣቢያ ታስራ፣ ወለሉ ላይ ሽንት በሸተተበት ክፍል ውስጥ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

«ወተቱን ለስንት ቤት ነው የምታደርሽው?»

«ለአምስት ቤት፣ ጌታዬ። ሁሉም ከአንድ የወተት ዕቃ፣ ከአንድ ጮጮ ነው የሚቀዳው፣ ወላሂ!»

«ከአምስቱ ቤት ሌላ የታመመ አለ?»

«አንድም የለ።»

«ልጅሽስ?»

«አስያ? እሷማ ወተት በአፏ አይዞርም! የወተት ሻጭ ልጅ ወተት ትጠላለች እያለ ሰፈሩ ይስቅብኛል።» ነጠላዋን ከአፏ አነሣች። «አባቷ ሞቷል፤ ዘመድ የላትም። እኔ ከታሰርኩ ያቺ ልጅ በማን በር ነው የምትቆመው?»

አስናቀ ወጥቶ ወደ ሰፈሯ አመራ። ወተት የማትጠጣ ልጅ በምን ታመመች? ልጅ እኮ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፤ ጠጠሩን፣ አዝራሩን፣ ሰው የተፋውን የሸንኮራ ልጣጭ። ይህን ሲያስብ ምራቁ መረረው።

አስያን ያገኛት ጎረቤት ቤት ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፊቷ ገና አመድ መስሏል። ጭኗ ላይ የቆርቆሮ ሣጥን አስቀምጣለች። ውስጡ ከአውራ ጣት ጥቂት የሚበልጡ የካርቶን ቁራጮች ታጭቀዋል። በእያንዳንዱ ላይ ሥዕል አለ፦ በጥቀርሻ የተሳለ ፈረስ፣ በእርድ ቢጫ የሆነ ጎጆ፣ በትምህርት ቤት ቀለም ሰማያዊ የሆነ የጭላሎ ተራራ።

«ካርድ ነው፣ ጋሼ። ሠርተን እንለዋወጣለን።»

«ይህ ምንድን ነው የሚያጣብቀው?»

«ምራቅ ነዋ! የተቀበለው ልጅ ጀርባውን ይልሰዋል። ከዚያ ‹ተላሰ፣ አለቀ!› ይላል። መልስ ቢሉት አይመልስም፤ ሌላውም በምትኩ የሰጠውን አይጠይቅም።»

አስናቀ እጁን ከሣጥኑ መለሰ። ዝንብ ካርዶቹ ላይ ይርመሰመሳል። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ምራቅ እዚያች ሣጥን ውስጥ ደርቋል።

«ማክሰኞ የላስሽው የትኛውን ነው?»

አንዲት ሴት ቀይ ጃንጥላ የያዘችበትን አወጣች። «እታገኘሁ ናት የሰጠችኝ፤ የጋሽ ፍሰሐ ልጅ። ጀርባው ይመር ነበር፤ ግን ቆንጆ ነው።»

አስናቀ ካርዱን በመሐረቡ ያዘ። የልጆቹ ቀይ ከተፈጨ ጡብ የሚወጣ ስለሆነ ደብዛዛ ነው። ይህ ጃንጥላ ግን ያብለጨልጫል፤ የማተሚያ ቤት ቀለም ነው። የሴትዮዋን ቀሚስ በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ከሥሩ ያለውን አየና ቶሎ ጠቀለለው። ከዚያም አስያን በጆሮዋ አንድ ሥራ አዘዛት። ልጅቱ የምትስልበትን፣ ጫፉ የታኘከ እንጨቷን አነሣች።

ቅዳሜ የሰልስቱ ቀን አስናቀ ሁሉንም በመጋዘኑ ግቢ ባለው የሟቹ ቤት ሰበሰባቸው። ዘሀራ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆመች፤ ለቀስተኛው ምራቁን ወደ እግሯ እንትፍ አለ። አስናቀ ከኪሱ ባለ ጃንጥላዋን ካርድ አወጣ።

«እታገኘሁ፣ ይህን ሥዕል ማን ሠራው?»

«እኔ!» አለች የስምንት ዓመቷ ልጅ፣ በኩራት። «አባዬ አመድ ጉድጓድ ውስጥ ከጣለው ካርቶን ነው። ቀዩ አሳሳኝና አወጣሁት።»

«መቼ?»

«ሰኞ።»

«የሳሙና ካርቶን ነው!» አለ ፍሰሐ፣ ሳይጠየቅ።

«የሳሙና ከሆነማ ክፋት የለውም።» አስናቀ ልጅቱ ፊት ተንበረከከ። «ካርድሽን ልመልስልሽ፤ በደንቡ እንለዋወጥ?»

እታገኘሁ ሳቅ አለች። ካርዱን ተቀብላ ገለበጠችውና ምላሷን አወጣች።

«ተፊ! እንዳትልሺው!» ፍሰሐ ዘሎ እጇን መታው። ካርዱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

አስናቀ ካርዱን ከወለሉ ጭቃ ላይ አነሣ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጀርባውን ላሰው። ተሻለች ጮኸች።

«አትጩሂ። ይህ የክብሪት ካርቶን ነው፤ አስያ አስመስላ ሠራችልኝ። እውነተኛው በመሐረብ ተጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ አለ። ከሴትዮዋ ቀሚስ ሥር የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ታትሞበታል። የአይጥ መርዝ ካርቶን ነው።» ወደ ለቀስተኛው ዞረ። «ከዘሀራ ጮጮ አምስት ቤት ጠጣ፤ የሞቱት አንድ ሰው ናቸው። ስለዚህ መርዙ የገባው ጮጮው ውስጥ ሳይሆን ብርጭቆው ውስጥ ነው፤ ብርጭቆው ደግሞ ከዚህ ግቢ አልወጣም። አስያ ወተት አትጠጣም፤ የታመመችው የካርዱን ጀርባ ልሳ ነው። ጀርባው ዱቄቱ የነካው የካርቶኑ ውስጠኛ ገጽ ነውና። እታገኘሁ የሰጠች እንጂ የተቀበለች ስላልሆነች አልላሰችም፤ ተረፈች። ካርቶኑ ሰኞ ተጣለ፤ ሰውየው ሐሙስ ሞቱ። መርዝ ገዝቼ አላውቅም ብሎ በልጁ የማለው ደግሞ ፍሰሐ ነው። ዛሬ ኑዛዜ ቢደረግ ኖሮ ከዚህ ቤት ይወጣ ነበር።»

ወደ ፍሰሐ ዞረ። እስካሁን ‹እርስዎ› ይለው ነበር።

«የሌላ ሰው ልጅ ስታስመልስ ምስክር አደረግሃት። የራስህ ልጅ ምላሷን ስታወጣ ግን እጅህ ቀደመ። ቀፈፍከኝ።»

አስያ ከለቀስተኛው መካከል ወደ እናቷ ሮጠች። ዘሀራ አስያን አቅፋ አፏን በነጠላዋ ትጠርጋለች፤ ደጋግማ፣ ንጹሑን አፍ ትጠርጋለች።

ፖሊሶቹ ፍሰሐን ይዘውት ሲወጡ እታገኘሁ በሩ ድረስ ሮጠች። ተሻለች ልትይዛት አልተነሣችም። ልጅቱ ተመልሳ የአስናቀን ኮት ያዘች።

«ጋሼ፣ ካርዱን የላሱት እርስዎ ነዎት። ተላሰ፣ አለቀ። አሁን የእርስዎ ነው።»

«አዎ።»

«በምትኩ ምን ይሰጡኛል?»

አስናቀ ኪሱን ዳበሰ። ከተጠቀለለው መሐረብ በቀር ምንም አልነበረውም።