ያልደረቀው ቫርኒሽ

ሣጥን ሠዓሊው ዬቭላምፒ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የወረቀት መጫኛ ብረት አጠገቡ ወድቋል፤ ቀኝ እጁ ቫርኒሽ የጠገበ ብሩሽ እንደ ጨበጠ ነው።

የመንደሩ ፖሊስ ጉዳዩን ጨርሶታል። የሟቹን ልጅ ባል፣ ሾፌሩን ሮዲዮንን፣ በካቴና አስሮ በር ላይ አቁሞታል።

«ትናንት ከአማቱ ጋር ሲሰዳደቡ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል» አለ ፖሊሱ።

«ሰድቤዋለሁ፤ አልገደልኩትም!» አለ ሮዲዮን። «ሚስቴ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሆስፒታል ወልዳለች። ልጄን እንኳ አላየሁም፣ እትዬ!»

መርማሪዋ ካፒቶሊና ክፍሉን ዞራ አየች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ፖሊሱ የሰማው አይመስልም። ጠረጴዛው ባዶ ነበር። የቫርኒሽ ማድረቂያውን ካቢኔ ስትከፍት ከወረቀት የተጠፈጠፈች መዳፍ የምታህል ጥቁር ሣጥን አገኘች። ክዳኗ ላይ በረዶ በሸፈነው ወንዝ ዳር ልብስ የምታልቀልቅ ሴት ተስላለች፤ ከሥሯ በወርቅ የዬቭላምፒ ስም አለ። ቫርኒሹ ገና እርጥብ ነው፤ አቧራ ቢያርፍበት ይበላሻል።

ሣጥኖቹን ሊገዛ ከሞስኮ የመጣው ነጋዴ አርሴኒ ትከሻውን ሰበቀ። «አንኳኳሁ፤ የከፈተልኝ የለም። ደግሞስ የምትታለብ ላም ትታረዳለች እንዴ?»

የሟቹ ረዳት ፋይና አንገቷን ደፍታለች። «ሃያ ዓመት ቀለም በጠበጥኩለት።»

«ሥዕሉንስ ማን ሳለው?» አለች ካፒቶሊና።

«የሱ ነዋ። ስሙን አያዩም?»

ካፒቶሊና ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበች።

«ሰውየው ብሩሹን እንደ ያዘ ነው የሞተው። ስለዚህ ሲመታ ሣጥኑን እየቀባ ነበር። ታዲያ ካቢኔው ውስጥ ማን ከተተው?»

«ገዳዩ ነዋ!» አለ ፖሊሱ።

«ነጋዴ ቢሆን ይዞት ይሄድ ነበር። ግንድ የሚጭን ሾፌርስ ስለ አቧራ ምን ገዶት? ገዳዩ ሰው ጥሎ እንኳ ለቫርኒሹ ተጨንቋል።»

ሣጥኑን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የሱፍ ሻሏን ከትከሻዋ ገፈፈችና ከላዩ ልታራግፈው እጇን አነሳች።

«አይሆንም!» ፋይና ዘልላ ሣጥኑን በሁለት ክንዷ ከለለችው። «ሱፍ አይቅረበው! ያበላሹታል!»

ካፒቶሊና ሻሏን መልሳ ትከሻዋ ላይ ጣለች።

«የሳልሽው አንቺ ነሽ» አለች ካፒቶሊና።

«ሁሉንም የሳልኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ስሙን ሲጽፍባቸው ቻልኩ። ይቺ ግን እናቴ ናት! ይቺን እንኳ ተውልኝ ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ።»

«እኔ ስታሰር ቆመሽ ታዪ ነበር!» ብሎ ሮዲዮን ጮኸ።

«ነገ ልናገር ነበር፣ ልጄ» አለች ፋይና፤ ዓይኗ ከሣጥኑ አልተነቀለም። «እስኪደርቅ ብቻ ነው።»

ካፒቶሊና ተናደደችም፣ አዘነችም። ፖሊሱ የሮዲዮንን ካቴና ፈታ፤ እሱም ኮቱን እንኳ ሳይዝ ወደ ሆስፒታሉ ሮጠ። መርማሪዋ ሣጥኑን በሁለት ጣቷ አንስታ ካቢኔው ውስጥ መለሰችውና በሩን ዘጋችው። ፋይና እጆቿን ለካቴናው የሰጠችው ይህን ካየች በኋላ ነው።