ጋሽ ፍሬቻ ያስተማረው እጅ

መኪናዋ ቁልቁለቱ ግርጌ ግንብ ገጭታ ቆማለች። የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው መሪው ላይ እንደተደፋ ሞቷል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የመስታወቱ መጥረጊያ ግን በደረቁ ሲጥ ሲጥ ይላል።

«ኧረ ይሄን ነገር አጥፉልኝ!» አለች መርማሪዋ። ሠላሳ ዓመት ሬሳ ስታይ ኖራ ጉልበቷም ልቧም ዝሏል። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር ነው የቀራት። «ምናለ ይሄ እንኳ ቢቀርብኝ» አለች በሆዷ።

ሐኪሙ ሰውየው ማጅራቱን የተመታው ከግጭቱ በፊት መሆኑን ነገራት። አለቃዋ ደግሞ በስልክ፣ «መጨረሻ አብራው የነበረችው ተማሪው ናት፤ ዛሬውኑ እሰሪያት» አላት።

ተማሪዋ ነርስ ናት። ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«እትዬ፣ እኔ ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ! ልጄን ማን ያሳድግልኛል?»

«ምን ነበር የሚያስተምርሽ?»

«ነጋ ጠባ ፍሬቻ! ‹ከኋላሽ ዝንብ ባይኖርም ፍሬቻ አሳዪ› ይለኛል። ጋሽ ፍሬቻ የምንለውም ለዚሁ ነው።»

የማሠልጠኛው መካኒክ ከንፈሩን ጣል አደረገ። «በፀሐይ መጥረጊያ የሚያበራ ጀማሪ ነው። ሌላ ማን ይሆናል?»

የሟች ታናሽ ወንድም የጭነት መኪና ሹፌር ነው። «እንደ አባት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ መንዳትም ያስተማረኝ» ብሎ ቃሉን ሊፈርም ወረቀቱን አፍንጫው ሥር አስጠጋው። መርማሪዋ አየችው። ወጥታ ጥግ የቆመውን የወንድምየውን አሮጌ የጭነት መኪና ከፈተች። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው፤ የፍሬቻው እጀታ ግን እንደ ድሮው በቀኝ እጅ በኩል ቀርቷል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው። ከተጋጨችው ጋር አንድ ዓይነት የሆነች መኪና አቁማ፣ «ተራ በተራ በበሩ ወደ ግራ ውጡልኝ» አለች።

ነርሷ በግራ እጇ ፍሬቻ አሳየች። መካኒኩ ምንም ሳያሳይ እብስ አለ። ወንድምየው ቀኝ እጁን ሰደደ፤ መጥረጊያው ሲጥ አለ።

«ሟች ቢነዳ ኖሮ በገዛ መኪናው አይሳሳትም ነበር» አለች መርማሪዋ በደከመ ድምፅ። «ነርሷ ከዚህች ሌላ መኪና አታውቅም። መካኒኩ ጭራሽ ፍሬቻ አያውቅም። አንተ ግን ሬሳ ከጎንህ ጭነህ ስትታጠፍ እንኳ ልታሳይ ሞከርክ፤ እጅህ በአሮጌው መኪናህ እንደለመደው ወደ ቀኝ ሄደ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ? መጥረጊያው ሲነሳ ደነገጥክ፤ ሳታጠፋው ወንድምህን መሪው ላይ አስቀመጥክና መኪናዋን ቁልቁል ለቀቅካት። ለምንድን ነው?»

ወንድምየው መሪውን እንደያዘ ተንሰቀሰቀ። «‹ዓይንህ ደክሟል፣ ሰው ትጨርሳለህ፤ መንጃ ፈቃድህን መልስ፣ አለዚያ እኔው እናገራለሁ› አለኝ። እኔ ሌላ ምን ሥራ አውቃለሁ? ገፈተርኩት። ደረጃ ላይ በማጅራቱ ወደቀ።»

መርማሪዋ ወደ ነርሷ ዞረች። «ሂጂ ልጄ፣ ልጅሽ ይጠብቅሻል።»

ካቴናውን ስታስገባለት ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«መንገዱ ባዶ ነበር እኮ» አለ። «ከኋላዬ ዝንብ እንኳ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ጥሩ አስተማሪ ነበር።»