ከጎኔ ያለው ባዶ ወንበር

እኔ በሽቦ የማምን ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፣ ሥራዬ ስለሆነ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ "መኪናዬን የሰው ዓይን በልቷት ነው"፣ "መተት አድርገውብኝ ነው እንጂ እንዲህ አትሆንም ነበር" እያለ የመጣብኝን ደንበኛ ሁሉ ኮፈኑን አስከፍቼ፣ አይጥ የበላውን ሽቦ አሳይቼ፣ እንዲያውም ትንሽ አሳፍሬ ነው የምመልሰው። ባለቤቴ ስለ ጋኔን ማውራት ስትጀምር የቴሌቪዥኑን ድምፅ እጨምራለሁ። እናንተም ይህን ስታነቡ "ይሄ ሰውዬ ምን ነካው" ብትሉ አልቀየማችሁም፣ እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪናዬ ነው። ያገለገለች፣ ረጅምና ሰፊ የቤት መኪና ናት፣ ከሩቅ ሲያዩዋት የባለሥልጣን ትመስላለች፣ ዋጋዋ ግን እንደ እኔ ያለ ሠራተኛ እየተንገዳገደም ቢሆን የሚደርስበት ነው። ብቻዬን አልገዛኋትም፤ የጎረቤቴ የእትዬ ጥሩዓለም አንድያ ልጅ፣ ይበልጣል የሚባለው፣ ነበር አብሮኝ አዲስ አበባ የሄደው፣ ከእኔ በአሥር ዓመት ቢያንስም ጓደኛዬ ነበር፣ እና ከአንድ የመኪና መሸጫ ግቢ ሁለት እህትማማች መኪኖች ይዘን ተመለስን፣ የእኔ ነጭ፣ የእሱ ግራጫ። የሰፈሩ ሰው መቼም አልማረንም፤ ለዚህ መንገድ ይህን የሚያህል ሆድ ምን ያደርግላችኋል እያለ ሳቀብን፣ እውነትም ከአስፋልት ወጣ ካላችሁ ሆዷ ድንጋይ ይልሳል። ግን እመኑኝ፣ አስፋልት ላይ ስትሄድ የምትሄድም አትመስልም፣ ከኋላ ሦስት ትልልቅ ሰው ጉልበት ለጉልበት ሳይነካካ ይቀመጣል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመን ቤንዚን የማን ትጠጣለች፣ ዳገት የማን ትወዳለች እያልን ስንከራከር ምሳ ያልፈን ነበር።

አንድ የሚያናድድ ነገር ነበረባቸው። ከፊት ያሉት ሁለት ወንበሮች ሰው ሲቀመጥባቸው ያውቃሉ፣ የተቀመጠው ሰው ቀበቶ ካላሰረ መኪናዋ መጮህ ትጀምራለች፣ መጀመሪያ ቀስ ብላ ጢን… ጢን… ትላለች፣ ዝም ካላችኋት እናቷ እንደጠፋቻት ጫጩት ትንጫጫለች። ይበልጣል ይህን ድምፅ ሊሰማው አይወድም። "ደሴ፣ በናትህ ይቺን ነገር አፏን ዝጋልኝ" አለኝ አንድ እሁድ፣ እኔም ከወንበሮቹ ሥር ገብቼ የሁለቱንም መኪኖች ሽቦ ቆርጬ፣ ጫፍ ጫፋቸውን በፕላስተር ጠቅልዬ ወጣሁ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ ለስንት ሰው እንዲሁ እንዳደረግሁ አላስታውስም፣ ደንበኛ ይለምናል፣ ለእኔም ቀላል ሥራ ነው፣ እቆርጣለሁ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከማላውቀው ስልክ ተደወለልኝ። አባይ በረሃ ላይ ያለ ትራፊክ ፖሊስ ነበር፣ በይበልጣል ስልክ ላይ መጨረሻ የተደወለለት ቁጥር የእኔ ስለሆነ ነው የደወለው። ይበልጣል በመኪና አደጋ ሞቷል አለኝ። ሰውዬው ደግ ሰው ይመስላል፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይሁን ተናድዶ አላውቅም፣ "መኪናዋ እኮ ብዙም አልተጎዳችም፣ ቀበቶ አስሮ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር" ብሎ ስልኩን ዘጋ። መሞቱን ለሁሉም ተናገርኩ፤ ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ግን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም።

መቼም ታውቁታላችሁ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይም አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ሰው ሳይሰማ ተይዞ፣ ሰበብ ተፈጥሮለት ወገኖቹ ዘንድ ይወሰዳል፣ እዚያ ያድራል፣ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌና ቄስ ተሰብስበው ይነግሩታል፣ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኝ ይቆማል። የእትዬ ጥሩ ወገኖች ጮቄ ተራራ ላይ ካለችው ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ ባለ አገር ናቸው፣ የይበልጣል አባትም የተቀበረው እዚያ ነው፣ ልጁም እዚያ እንዲቀበር ተወሰነ። እሳቸው ደግሞ ኃይለኛ የደም ግፊት አለባቸው፣ ባለፈው ዓመት በድንጋጤ ብቻ ወድቀው ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝተዋል። ድንገት መንገድ ላይ ቢሰሙ ሁለት ሬሳ ነው ይዘን የምንገባው፣ ሁላችንም ይህን እናውቃለን። በሕዝብ ሚኒባስ እንዳንወስዳቸው ወሬው ከተማውን አዳርሷል፣ አንዱ ተሳፋሪ "እግዜር ያጽናዎት" ቢላቸው አለቀ። ስለዚህ የእኔ መኪና ተመረጠች፣ የምዋሸውም እኔ ሆንኩ፣ ምክንያቱም እኔን ያምኑኛል።

"ወንድምዎ ትንሽ አሟቸዋል፣ እርስዎን ማየት ፈልገዋል" አልኳቸው።

እንደመደንገጥ አሉና ነጠላቸውን አነሱ። "ለይበልጣል ነግረኸዋል?" አሉኝ።

"ነግሬዋለሁ፣ ማታ ይደርስብናል" አልኩ። አስከሬኑ በሌላ መኪና ማታ እንደሚደርስ እያወቅሁ ነው እንዲህ ያልኩት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣን። የንስሐ አባታቸው ቄስ አድማሱ በአንድ በኩል፣ ጎረቤታችን ሰብለ በሌላ በኩል፣ እሳቸው መሀል ሆነው ሦስቱም ከኋላ ተቀመጡ፣ ምናልባት የሆነ ነገር ቢፈጠር እንዲይዟቸው ነው። ከጎኔ ያለው የፊት ወንበር ባዶ ነበር። ቦርሳ አልነበረበትም፣ ጋቢ አልነበረበትም፣ የውሃ ላስቲክ እንኳ አልነበረበትም፣ የያዝነውን ዕቃ ሁሉ ራሴ ነኝ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የከተትኩት፤ ይህን የምደጋግመው ወድጄ አይደለም፣ በኋላ ራሴን መቶ ጊዜ ስለጠየቅሁት ነው።

ከከተማ ወጥተን ዳገቱን ስንያያዘው ዝናቡ አባራና ጉም ወረደ። የጮቄን ጉም የማያውቅ ሰው ጉም አያውቅም፣ ከመኪናው አፍንጫ በላይ የሚታይ ነገር የለም፣ አልፎ አልፎ የባሕር ዛፍ ግንድ ብቅ ይልና ይጠፋል። መብራት አብርቼ እየዳሰስኩ እነዳለሁ፣ የሆዷ ድንጋይ መላስ ብቻ ነው የሚሰማው። እና ጢን አለ።

ስልክ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ዳሽቦርዱን ባየው ቀበቶ ያላሰረ ሰው መኖሩን የምታሳየዋ ምልክት ቀይ ሆና በርታለች፣ የእኔ ወንበር አይደለም፣ የጎኔ ነው። የራሴን ቀበቶ አስሬያለሁ፣ ከስልኩ ጥሪ በኋላ ሳላስር ለመንዳት አልደፈርኩም። ሽቦው ተቆርጧል፣ በእጄ ቆርጬዋለሁ፣ የተቆረጠ ሽቦ ደግሞ አይጮህም። እርጥበት ነው አልኩ ለራሴ፣ ፕላስተሩ ውሃ አስገብቶ ጫፎቹ ተነካክተው ነው፣ ደንበኛ ቢሆን የማሳፍረው በዚህ ነበር። ግን አንድ ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን ስይዝ ወንበሩ ሲጢጥ አለ፣ ክብደት ያለው ሰው ወደ ፊት ሲያዘነብል እንደሚለው ማለት ነው፣ ስለቀውም ተመልሶ ሲጢጥ አለ። በዚያ በኩል ያለው የጎን መስታወት ላይ ከውስጥ፣ አፍ በሚደርስበት ከፍታ፣ መዳፍ የምታህል ጭጋግ ትታያለች፣ ትሰፋለች፣ ትጠባለች፣ እንደገና ትሰፋለች። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ አላየሁም። ፈራሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ድምፁ እየፈጠነ መጣ። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ሰብለ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወትፋለች፣ ቄስ አድማሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እትዬ ጥሩ እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ ይዟቸው ነበር፣ ድምፁ ነው የቀሰቀሳቸው፣ እና ሳይደነግጡ፣ ሁልጊዜ ልጃቸውን በሚቆጡበት በዚያ ሰልቸት ባለው ድምፅ፣

"ቀበቶህን እሰር እንጂ ልጄ" አሉ።

"አስሬያለሁ እትዬ" አልኩ።

"አንተን አይደለም።"

እና ቀበቶው ገባ። ቀጭ አለ። ያንን ድምፅ በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ከሌላ ድምፅ ጋር አላምታታውም። ቀይዋ ምልክት ጠፋች፣ ጩኸቱም ቆመ፣ ጢን ከማለቱ ይልቅ ያ ዝምታ ነው የከበደኝ። ላቁም ብል ማቆሚያ የለም፣ ብጮህ እሳቸውን እገድላለሁ፣ ስለዚህ ነዳሁ።

ከዚያ እስከ ሮብ ገበያ ድረስ እትዬ ጥሩ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ጭንቅላታቸውን በሁለቱ ወንበሮች መሀል አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ ባዶው ወንበር አዘንብለው ነው የሄዱት። አንድ ነገር እንደሚነገረው ሰው አልፎ አልፎ "እህ" ይላሉ። አንዴ "እሺ" አሉ። አንዴ ደግሞ ቀና ብለው በመስታወቱ እኔን አዩኝ፣ ረጅም ጊዜ አዩኝ፣ ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖር በተሻለኝ ነበር፣ ያየሁት ግን እንደ ሀዘኔታ ያለ ነገር ነው።

ሲመሻሽ ደረስን። እሳቸውን ደግፈው ካስገቧቸው በኋላ ብቻዬን ቀርቼ የጎኑን ወንበር አየሁት። ቀበቶው ታስሯል፣ መታሰሩ ብቻ አይደለም፣ ወንበሩ ላይ አልተጣበቀም፣ ሰው እንደታሰረበት ሁሉ ወደ ፊት ወጣ ብሎ ተወጥሯል። በኋላ እትዬ ጥሩ አስረውት እንደሆነ ሰብለን ጠየቅኋት፣ ከኋላ ሆኖ እዚያ ድረስ እጅ አይደርስም አለችኝ፣ ስለዚህ ነገር ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝም አለችኝ። ልፈታው እጄን ሰደድኩና መለስኩት። ጠዋት ስመለስ ተፈትቶ ቦታው ገብቶ ነበር፣ ማን እንደፈታው አላውቅም።

ሊነጋጋ ሲል ከሽማግሌዎቹ ጋር ተሰብስበን ገባን። እትዬ ጥሩ አልተኙም፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀምጠው ጠበቁን። ቄስ አድማሱ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እትዬ ጥሩ "ደከማችሁ፣ ተቀመጡ" አሉን። ከዚያ አለቀሱ፣ እናት እንደምታለቅሰው አለቀሱ፣ ግን አልወደቁም፣ ያ ሁሉ የፈራነው ነገር አልደረሰም። ከቀብር መልስ ጠጋ ስላቸው እጄን ያዙና በጆሮዬ "ላንተም የላከው ነገር አለ፣ ግን እንዲህ በመንገድ አይነገርም" አሉኝ።

በአርባው፣ ከቀብሩ ወዲህ እዚያው ወገኖቻቸው ዘንድ ነበሩና፣ ሄድኩ። ስለ ሽቦው ልነግራቸው፣ ትራፊኩ ያለኝን ልነግራቸው፣ ከእግራቸው ሥር ልወድቅ ቆርጬ ነው የሄድኩት፣ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ሽቦውን የቆረጥኩበትን የከተማውን መኪና ሁሉ ባለቤቱን እየለመንኩ በነፃ ስቀጥል ከርሜ ነበር፣ እና ምንም አልቀለለኝም። ገና "እትዬ፣ ሽቦው" ስል አቋረጡኝ።

"እሱን አውቀዋለሁ፣ ተወው። የላከልህ እሱን አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ይደርሳል ልጄ። አሁን እህል ቅመስ።"

ወጡን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ እጄን ይዘው፣ ቤተሰቤን አንድ በአንድ በስም ጠየቁኝ፣ ሁሉም ደህና ናቸው ባልኩ ቁጥር ራሳቸውን እየነቀነቁ "ይመስገን" ይላሉ፣ ዓይኔን ግን አያዩም። አጠያየቃቸውን ለየሁት። ያልሰማ ሰው በእንዲህ ያለ ድምፅ ነው የሚያዘው፣ እኔም ወንድምዎ አሟቸዋል ስላቸው በዚሁ ድምፅ ነበር የተናገርኩት።

መኪናዋን አልሸጥኳትም። ለማን እሸጣታለሁ፣ ምን ብዬስ? ሽቦዋን ቀጥያለሁ፣ አሁን ሰው ቀበቶ ሳያስር ቢቀመጥባት አትጮህም፣ ምኗ እንደተበላሸ ስፈልግ ወራት ሆነኝ።

ትናንት እትዬ ጥሩ ደወሉልኝ። ስልክ ደውለውልኝ አያውቁም፣ ከገጠር ሰው አስደውለው ነው። ሁላችሁም ደህና ናችሁ አሉ፣ ደህና ነን አልኩ። ነገ ቅዳሜ ከቄስ አድማሱ ጋር ወደ ከተማ እንወርዳለን፣ እናንተ ዘንድ ነው የምናድረው አሉኝ። ሆቴል ለምትሠራው እህቴ ደወልኩላት፣ ባሕር ዳር ለምትማረው ልጄ ደወልኩላት፣ ጉንደ ወይን ላለው ወንድሜ ደወልኩለት፣ ሁሉም አንሥተዋል፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ልጄ እንዲያውም ነገ በጓደኛዋ መኪና እመጣለሁ አለችኝ። ቅሪ አልኳት፣ ለምን አለችኝ፣ ብቻ ቅሪ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ባለቤቴ ለእንግዶቹ መኝታ እያነጠፈች ነው። ለጥየቃ ይመጣሉ ብያታለሁ።