መርፌው ሴሉ ውስጥ ነው

ሸማኔ ፔርሙዙን አቀበለው።

ሸማኔ የምስጢር ስሙ ነው። እዚህ ምርምር ተቋም ውስጥ የሚያውቁት በመሣሪያ ጠጋኝነቱ ነው። ተቀባዩ «አጎት» ይባላል። የአትክልተኛ ቱታ ለብሶ፣ በዕቃ መጫኛው በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ይጠብቀው ነበር።

«እንዳትከፍተው» አለ ሸማኔ። «ከሞቀ የቅጠሉ ሴሎች ይሞታሉ።»

አጎት ከፈተው።

ጣቱን ሰዶ የስንዴ ቅጠሉን እንደ ሰላጣ አገላበጠው። «ጥሩ ነው። ማን ሰጠህ?»

ሸማኔ ክው አለ። እውነተኛ ተቀባይ የሚጨነቀው ለቅጠሉ ነው። ይሄ ሰው የፈለገው የሰጠውን ሰው ነው።

አጎት ከድቷል።

«አላውቅም። ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት።»

«እሺ፣ እኛ እንፈልገዋለን።» አጎት የእጅ ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ። «ቅጠል ወጥቷል። ላቦራቶሪዎቹን በሙሉ ፈትሹ። ያወጣው ደግሞ...»

አልጨረሰም። ሸማኔ ባለ በሌለ ኃይሉ በፔርሙዙ መታው። ጎትቶ መጋዘን ውስጥ ከተተው፤ ቆለፈበት።

ቅጠሉ መሬት ላይ ተረግጦ ቀረ።

የተቋሙ አለቆች የጠላቶቻቸውን ስንዴ የሚጨርስ ሻጋታ እያዘጋጁ ነበር። ሻጋታው የስንዴውን ሴል ግድግዳ በግፊት ሰብሮ ይገባል። የተቋሙ ተመራማሪ የሆነችው ዶክተር ደግሞ በሕያው ሴል ውስጥ ያለውን ግፊት ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት መርፌ ትለካለች። ግድግዳው የቱ ጋ እንደሚሰበር እንድትነግራቸው ነበር የቀጠሯት። እሷ ግን ግድግዳው የማይሰበር ስንዴ አገኘች። ለአለቆቿ አልነገረችም። ለሸማኔ ነገረችው፤ ቅጠሉንም የሰጠችው እሷ ናት።

እየሮጠ ደረጃውን ወጣ።

ዶክተሯ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም። ጠረጴዛዋ በታመቀ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ የሰው ኮቴ እንኳ እንዳይነቀንቀው።

«ተሸጥን» አላት።

«ቅጠሉስ?»

«ሞተ።»

«መስኮቱ ጋ ማሰሮ ውስጥ አንድ ችግኝ ቀርቷል። ነቅለህ ሥሩን በእርጥብ ጥጥ ጠቅልለው።»

«አብረን እንውጣ።»

«ሁለታችንም ከሄድን በሩ ላይ ይለቅሙናል። እኔ ላቆያቸው። በል ወንድሜ፣ አታድርቀኝ።»

ችግኙን ነቅሎ፣ በጥጥ ጠቅልሎ ጋዋኑ ስር ሸሸገ። ባዶውን ማሰሮ የሚደብቅበት ጊዜ አላገኘም።

በሩ ተበረገደ።

ጥበቃዎች። መሣሪያ ደግነዋል።

«ባላችሁበት!» አለች ዶክተሯ፣ እሷ ቀድማ። «መርፌው ሴሉ ውስጥ ነው። አንድ እግር ከገባ ይሰበራል። ጌቶች ዛሬ የሚጠብቁት ልኬት ደግሞ ይሄ ነው። ከሰበራችሁት እናንተው ንገሯቸው።»

ደጃፉ ላይ ደረቁ። ባለፈው በልኬት መሃል በር ያንኳኳ ባልደረባቸው ከሥራ ተባሮ ነበር።

«ጠጋኙ፣ የአየር ፓምፑ እያንቀጠቀጠብኝ ነው። ወርደህ አጥፋልኝ።»

ሸማኔ ተራመደ። ጥበቃዎቹ ገለል አሉለት። አንደኛው በሹክሹክታ፣ «ቀስ በል እንጂ፣ ልታስጨርሰን ነው?» አለው።

ኮሪደሩ መጨረሻ ሲደርስ ድምጿ ይሰማው ነበር። «ጥቂት ታገሡኝ... አንዴ...»

ከዚያ አንዱ ጥበቃ ጮኸ። «ይሄ ማሰሮ ለምን ባዶ ሆነ?»

አንድ ከባድ ነገር ተንኮታኮተ።

ድምጿ ቆመ።

ግድግዳውን ተደገፈ። ተመልሶ ቢገባ እሱም ይያዛል፤ ችግኙም ይጠፋል። ይህን እያወቀ እንኳ እግሩ ወደ ኋላ ሊዞር ፈልጎ ነበር።

ወረደ። በፓምፑ ክፍል የኋላ በር ወጣ። ድንበሩን በጭነት መኪና፣ ከማዳበሪያ ጆንያ ስር ሆኖ ተሻገረ።

ወዲያ ማዶ የጠበቀችው የስንዴ ባለሙያ ጥጡን ፈታች። ጫፉ ጠውልጓል። ሥሩ ግን ነጭ ነው።

«ይተርፋል!» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ስንዴውን ያገኘችው ዶክተርስ? መቼ ትመጣለች?»

ሸማኔ የተፈታውን ጥጥ አንስቶ መልሶ ጠቀለለው።

የላኩት ሰዎች አዲስ መታወቂያ ሰጡት። አሁን አንድ ከተማ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይጠግናል። ስለ ዶክተሯ አንዴ ደውሎ ጠይቆ ነበር፤ «እናጣራለን» አሉት። ደግሞ ሲደውል ስልኩን ያነሳ አልነበረም።

ስልኩ እየጠራ እጀታውን ይዞ ቆመ።

«አንተ! ደንበኛ ቆሟል እኮ!» አሉት የሱቁ ባለቤት።

«መጣሁ ጋሼ» አለና ስልኩን ዘጋ።