ከጭብጧ የወጣው ፀጉር

«የገዲሴን ፀጉር ነጭታ፣ እንደጨበጠች ነው የሞተችው!»

ባለሱቋ ትሩፋት ይህን ስትል ሦስተኛዋ ነው፤ መጀመሪያ ለጎረቤት፣ ቀጥሎ ለታክሲ ረዳት፣ አሁን ደግሞ ለፖሊስ። መካኒሳ አቦ፣ ከጸደንያ ፀጉር ቤት ደጃፍ የተኮለኮለው ሰው ወሬውን ተቀባብሎ፣ ገና በማለዳው ሹሩባ ሠሪዋ ገዲሴ ላይ ፈርዶ ጨርሷል።

ኢንስፔክተር አምሳለ አፍንጫዋን በክንዷ ከልላ ገባች። የቤቱ ባለቤት ጸደንያ ከፀጉር ማጠቢያው ሥር ተዘርራለች፤ አንገቷ ላይ እርጥብ ፎጣ ተጠምጥሟል። የማጠቢያው ቀዳዳ በስንት ሰው ራስ እድፍ ተደፍኖ፣ የተኛው ውሃ ላይ ዝንብ ይርመሰመሳል። የከረመ ዘይት ይሸታል። ግድግዳው ላይ «የሴል ኃይል፦ ለፀጉርዎ ሥር ምግብ!» የሚል የቅባት ማስታወቂያ ያብረቀርቃል። ቅባቱ ግን ራስ ይቅርና የበር ማጠፊያ እንኳ የሚጠየፈው ዓይነት ነው።

አምሳለ ከሟች ጭብጥ ውስጥ በሂና የቀላ ረጅም ፀጉር አወጣች። በአጉሊ መነጽር ሥሩን እያየች ቆጠረችው፤ ስልሳ ሁለት። ከማጠቢያው ኋላ ደግሞ ባዶ ጥቁር ፌስታል አነሳች።

ገዲሴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። እጇ በካቴና ታስሯል፤ የአራት ወር ልጇ ጭኗ ላይ ያለቅሳል።

«ትናንት ተጣልታችኋል?»

«አዎ። ያንን ቅባት ከተቀባሁ ወዲህ ፀጉሬ ረገፈ። የረገፈውን በሻሼ ቋጥሬ አመጣሁና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩላት።»

«የረገፈ ፀጉር ታጠራቅሚያለሽ?»

«ታዲያ ሜዳ ላይ ልጣለው? ሰው አንስቶ ክፉ ያሠራበታል! መጀመሪያ ተጯጯህን። በኋላ ግን አመነችኝ፤ ‹ነገ ሄጄ አመለክትበታለሁ› አለችኝ።»

«በማን ላይ?»

«ቅባቱን በሚያመጣው በሲራክ ነዋ! ኢንስፔክተር፣ እኔ ብታሰር ይሄን ልጅ ማን ያጠባዋል?»

አምሳለ ወደ ትሩፋት ዞረች።

«ስትወጣ አይተዋታል?»

«አይቻታለሁ ልጄ፣ ሻሿን ራሷ ላይ አስራ። ከሷ በኋላ ጸደንያ መጥታ ‹ይሄን ጉድ ልሰብስብበት› ብላ ጥቁር ፌስታል ከኔ ወሰደች። ግን እኮ ተመልሳ መጥታ ይሆናል! ፀጉሯን እንደጨበጠች...»

«ሰምተናል ወይዘሮ ትሩፋት።»

አምሳለ ያስጠራችው ሲራክ ሽቶው ቀድሞት ገባ።

«ከእሁድ ወዲህ እዚህ ደጅ አልደረስኩም። እኔ የሳይንስ ሰው ነኝ፣ ኢንስፔክተር።»

«እስቲ ያስተምሩኝ።»

ደስ አለው። «የሚያድግ ፀጉር ሥር ምድጃ ነው። ሴሎቹ ሌት ተቀን ስኳር እያነደዱ ይባዛሉ። ምድጃው ሲጠፋ ሥሩ ይደርቅና ፀጉሩ ራሱ ይወድቃል። የኔ ቅባት ማገዶ ይጨምርለታል።»

«የገዲሴ ግን ረገፈ።»

«የሷን ይተዉት! ፀጉሯን በጥቁር ፌስታል ይዛ የምትዞር ቀውስ ናት።»

አምሳለ ቀና ብላ አየችው።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፀጉሩን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታ ጀመረች።

«ወሬው ተናንቀው ተነጫጩ ይላል። በጉልበት የተነቀለ ፀጉር ግን ሥሩ እርጥብና ለስላሳ ነው፤ ሽፋኑን ይዞ ይመጣል። አቶ ሲራክ እንዳሉን፣ ምድጃው እየነደደ ነዋ የተነቀለው። ይህን እዩ፤ የስልሳ ሁለቱም ሥር ደርቆ፣ ነጭ ድቡልቡል ሆኗል። አንድም እርጥብ የለበትም። ከራስ አልተነጨም፣ በማበጠሪያ የተለቀመ ነው። ሬሳ እጅ ውስጥ የጎሰጎሰው ሰው አለ።»

ገዲሴ ፊቷን ሸፈነች። ክፉ እንዳይሠራበት የሰበሰበችው ፀጉር ክፉ ተሠርቶበታል።

«ገዲሴ ፀጉሩን በሻሽ አመጣችው። ፌስታል ውስጥ የገባው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ከእሁድ ወዲህ ያልመጡት አቶ ሲራክ ጥቁር ፌስታሉን የት አዩት?»

«እዚህ ሰፈር ጥቁር ፌስታል የምትሰጠው ትሩፋት ናት! እሷን ጠይቂያት!»

«ሰጥታለች፤ መስጠቷንም ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ዋሽተህ የደበቅከኝ አንተ ነህ።»

ሲራክ በሩን ተመለከተ። ኮንስታብል ፍሮምሳ በሩን ሞልቶ ቆሟል።

«ጸደንያ ማታ ጠርታ ፀጉሩን አሳየችኝ» አለ ሲራክ፣ ድምፁ ሰልሎ። «ለመንኳት። የስንት ዓመት ስሜን በአንድ እፍኝ እድፍ ልታጠፋው ነበር!»

ካቴናው ከገዲሴ እጅ ወደ ሲራክ እጅ ተዛወረ። ትሩፋት ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ደጅ ወጥታ «እኔማ ድሮም ዓይኑ ደስ አይለኝም ነበር» ማለት ጀምራለች።

የጸደንያ አርባ በወጣ በሳምንቱ የቅባቱ ምርመራ ውጤት አምሳለ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፦ ተራ የምግብ ዘይትና ሽቶ። ፀጉር አያበቅልም፤ አያረግፍምም።

በዚያው ሳምንት ገዲሴ ልጇን ልታስመዝን ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ሴና ግንባሯ ላይ ብቅ ብቅ ያለውን አጫጭር ፀጉር አይታ ሳቀች።

«ተመልሶልሻል! በወለድሽ በሦስት በአራት ወርሽ ረግፎ ነበር አይደል?»

«በቅባት ነው የረገፈው።»

«የምን ቅባት? በእርግዝና ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ከወሊድ በኋላ ሥሩ አንድ ላይ ያርፍና ይረግፋል፤ ኋላ ራሱ ይመለሳል። ብዙ እናት ላይ ይደርሳል። ማንም አልነገረሽም?»