የላንያ ክንድ

«ከደረጃ ወድቃ ነው» አለች ናስክ ሻዩን እያቀረበች። «ልጅ መቼ አርፎ ይቀመጣል?»

ወይዘሪት ታቭጋ ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ ትንሿ ላንያ ዞረች። የስድስት ዓመቷ ላንያ በጀሶ የታሸገ ክንዷን ታቅፋ ምንጣፉ ላይ የሱፍ ፍሬ ትፈለፍላለች።

«ጀሶዬ ላይ አበባ ሳይልኝ» አለቻት ታቭጋን። «ሺላን የሳለችው ድመት አህያ ነው የሚመስለው።»

ታቭጋ ሳቀች። የላንያ እህት፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ሺላን ግን በሩን ተደግፋ ጥፍሯን ትበላለች። እናቷ ናስክ በዓይኗ «አፍሽን ዝጊ» ስትላት ይታወቃታል።

ላንያ ከደረጃ አልወደቀችም። ከአሥር ቀን በፊት ነፋስ የግቢውን የብረት በር ድው! አድርጎ ሲዘጋው፣ አባታቸው ሰርወር «ተኙ! ተኙ!» እያለ ላንያን በክንዷ ጎትቶ መሬት ላይ ጣላትና ላይዋ ላይ ተኛባት። ከጥይት ሊከልላት ነበር። አጥንቷ ቀጭ ሲል ሺላን ሰምታለች። ሰርወር ወደ ልቡ ሲመለስ ምንም አላስታወሰም። ፔሽመርጋ የሚባለው የኩርድ ጦር ታጋይ ሆኖ ሲዋጋ፣ የተሳፈረበት መኪና ኪርኩክ አጠገብ ፈንጂ ላይ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ነው።

«አንተ ነህ ያደረግኸው ብትዪው ትገድይዋለሽ» አለቻት እናቷ ያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ።

ታቭጋ የሰርወርን ሁኔታ ልታጣራ የመጣችው ከከተማው ዳር ከተሠራው የቆሰሉ ታጋዮች መኖሪያ ነው። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ነርስ አለ፣ የአእምሮ ሐኪም አለ፤ ዓርብ ዓርብ ቤተሰብ ይገባል።

«የተዘጋጀው ግን አሥራ ሁለት አልጋ ብቻ ነው» አለች። «ስለዚህ የባሰባቸውን እናስቀድማለን። አቶ ሰርወር ቤት ውስጥ ካላስቸገሩ፣ ተራቸው ለከርሞ ይሆናል።»

«ምን ያስቸግራል?» አለች ናስክ ፈጥና። «ባሏን አውጥታ ጣለች መባል ነው የቀረኝ!»

ታቭጋ ወረቀቷን አጥፋ ተነሣች። ሺላን ልትሸኛት ወጣች። ለከርሞ። አንድ ዓመት ሙሉ በር ኳ ባለ ቁጥር ከላንያ ፊት ዘላ መቆም። አባቷ እንዲሄድ ፈልጋለች፤ በመፈለጓም ራሷን ጠልታለች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት ታቭጋ የግቢው በር ላይ ሲደርሱ።

ሺላን ወደ ቤቱ ዘወር ብላ አየች። «የምነግርሽ ነገር አለ። ግን መጀመሪያ እሱ ይስማው። ትጠብቂኛለሽ?»

«እጠብቅሻለሁ።»

ሰርወር ከቤቱ ጀርባ በሽቦ ጎጆ ለሚያሳድገው ቆቅ በቀዳዳው እህል ይሰጣል። ሺላን አጠገቡ ተቀመጠች። አረፍተ ነገሩን በልቧ ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ተወችው።

«አባዬ፣ ላንያ ከደረጃ አልወደቀችም።»

እጁ ቀዳዳው ላይ ቆመ። በሩ ድው እንዳለ፣ እንዴት እንደጎተታት፣ ሊያድናት እንደነበር፣ ሁሉንም ነገረችው። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ጨረሰች።

«ደረጃ የጣት ምልክት አይተውም» አለ ሰርወር። «ሆስፒታል ስንደርስ ክንዷ ላይ አራት ጣት አየሁ። እናትሽ ደረጃ ነው ስትል ደስ አለኝ። አየሽ፣ ጀግና የሚሉት አባትሽ ይህን ያህል ፈሪ ነው።»

«ፈሪ አይደለህም!»

«ተይው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሳታባብይኝ ንገሪኝ። እንድሄድ ትፈልጊያለሽ?»

አይ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«አዎ» አለች። እንባዋ ወረደ። «እንድትድን ነው። ደግሞ... ደግሞ እፈራለሁ፣ አባዬ።»

ሰርወር እንደተመታ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ሺላን ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም። የእህሉን ገለባ ከመዳፉ አራግፎ፣ ጉልበቱን ይዞ ተነሣና ወደ ግቢው በር ተራመደ።

«ከመኖሪያው የመጣችው ልጅ አለች?»

«እየጠበቀችን ነው።»

ናስክ ከኩሽናው መስኮት ብቅ አለች። «ሺላን! ምን ብለሽው ነው? ነይ ወዲህ!»

የእናቷ ድምፅ በቁጣና በፍርሃት ይንቀጠቀጣል። ማታ ምን እንደሚጠብቃት ሺላን ታውቃለች።

«እመጣለሁ፣ እማዬ» አለች። ከዚያ ፈጠን ብላ አባቷ ላይ ደረሰችና እጁን ያዘች።