አንድ ክንድ ግንብ

ይህች ሴት ግንቡን መልሳ ሠራች እንበል ወይስ ሕዝቡን አታለለች? ለመፍረድ ጊዜው ገና ነው።

ታላቁ ጦርነት ካበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ በአንድ የጸደይ ረፋድ፣ በከተማው ዳር ባለ የጡብ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ፊልም ይነሣ ነበር። ታሪኩ በጦርነቱ ስለ ተቃጠለው የወንዝ ዳር ግንብ ነው፤ ኩባንያው ግን አቅም አጥሮት ያሠራው በሩንና የታችኛውን ግድግዳ ብቻ ነበር። ሦስቱን ፎቅና ጉልላቱን ለመሥራት የተረከበችው ከውጭ አገር ሥዕል ተምራ የተመለሰችው የዚያ ግንብ ግንበኛ ልጅ ናት፤ የግቢው ሰው "ባሕር ማዶ" ይላታል። ከጀሶና ከካርቶን አንድ ክንድ የምትሆን የግንብ ራስ ሠርታ ከካሜራው ፊት በክር አንጠለጠለች፤ በካሜራው ዓይን ሲያዩት ትንሿ ራስ ከሩቁ ግድግዳ ጋር ገጥማ አንድ ትልቅ ግንብ ትሆናለች።

ነፋስ ሲነሣ ግን ግንቡ ተወዛወዘ።

ዳይሬክተሩ ከካሜራው ቀና አለና፣ "እሜቴ፣ ይህ ግንብ ጠጥቷል እንዴ?" አላት። "ለዚህ ትዕይንት የቀረን ፊልም ለአንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል። ካልቆመልዎት ያለ ግንብ እንጨርሳለን።"

ግንቡን በጉልምስናቸው ያነጹት አባቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከተቃጠለ ወዲህ በዚያ መንገድ አልፈው አያውቁም፤ እርሷም እንደ ቆመ ልታሳያቸው ለራሷ ቃል ገብታ ነበር።

"የኔስ ሲቃጠል እንኳ አልተወዛወዘም" አሉ።

"አባባ፣ እርስዎ ደግሞ አያባብሱብኝ።"

ያ ሁሉ የባዕድ አገር ትምህርት ለዚህች ካርቶን ነበር? ብላ ራሷን ታዘበች። ከዚያ ክሩን በመቀስ ቆርጣ ትንሿን ራስ ከብረት ዘንግ ጋር አሰረች፤ ተራቸው ያልደረሰውን የጠላት ወታደሮች ጠርታም በነፋሱ በኩል የአልጋ አንሶላ ወጥረው እንዲቆሙ አዘዘች።

"ነገ የምናቃጥለውን ግንብ ዛሬ እኛው እንጠብቅ?" አለ የጠላት ጄኔራል ሆኖ የሚጫወተው።

"ይጠብቁ፣ ክቡር ጄኔራል። ብቻ እንዳያስነጥስዎት።"

ካሜራው ማንሣት ጀመረ፤ ግንቡም ንቅንቅ ሳይል ቆመ።

ፊልሙ በታየ ዕለት ግንቡ በሸራው ላይ ብቅ ሲል አዳራሹ ሙሉ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በአባቷ ጎን የተቀመጠ ነጋዴ እንባውን እየጠረገ፣ "ይህን መቼ ነው ያነሡት?" አለ።

"ድሮ ነዋ፣ ሳይቃጠል" አሉ ሽማግሌው ኮስተር ብለው፤ ልጃቸውን ግን በክርናቸው ጎሰሟት። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን ከሸራው አልነቀሉም።

ታሪክ ጦርነቱን መዘገበ፤ የጄኔራሎቹን ስም መዘገበ፤ አንሶላ የያዙትን ግን ማን ያስታውሳቸዋል? ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ከዚያ ፊልም የተቆረጠ ምስል "ግንቡ ከመቃጠሉ በፊት" ብሎ አተመ። ፀጉሯ የነጣው ባሕር ማዶ አይታ እስኪደክማት ሳቀች፤ ሳቋ ሲያበቃ ግን እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ተሰማት፤ በማግሥቱም ለአሳታሚው ቴሌግራም ላከች፦ "ያተማችሁት ግንብ አንድ ክንድ ጀሶ ነው። እውነተኛውን ያነጹት አባቴ፣ ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሁለታችንም ስም ይጻፍ።"

መልስ አልመጣላትም።